አሪፋን ማን ያጥምቃት?

ወረታ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቀሲስ አያልነህ፣
የመንፈሳዊ ልቦለድ መርማሪ ጉባኤ ጸሐፊ፣
አዲስ አበባ

አባቴ፣ መስቀልዎን በሩቁ ተሳልሜያለሁ። ከአዲስ አበባ ወረታ የሚደርስ መስቀል እንደሌለ አውቃለሁ፤ የእኔ አንገት ግን ለመልካም ነገር ይዘረጋል።

ደብዳቤዎን ያደረሰኝ የአውቶቡሱ ሾፌር መንግሥቴ ነው። «የቄስ ወረቀት ስለ ያዝሁ ነው መሰል መንገዱን ሁሉ ጎማ አልፈነዳብኝም» ብሎ እኔን አመሰገነኝ፤ ምስጋናውን ለባለቤቱ መልሻለሁ። ኢንተርኔቱ ከእኛ ጋር ከተኳረፈ ሰንብቷል። ስልኩም ያው እንዳዩት ነው፤ «ልቦለድዎ በጉባኤው ዘንድ ተቀባይነት…» ሲሉ ጠፋ። ቀጥሎ የመጣው «አግኝቷል» ይሁን «አላገኘም» ሳላውቅ ሰንብቼ የገዛ ተማሪዎቼን በጥርጣሬ ሳይ ከረምሁ። ወረቀት ይሻለናል። ወረቀት ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አይጠፋም።

ደራሲዋ የተጠመቀች ለመሆንዋ ማስረጃ ይቅረብ ብለዋል። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ተነሥቻለሁ። ያጠመቁኝ ቄስ አርፈዋል። ክርስትና እናቴ እማማ ብርክቲ ግን በሕይወት አሉ፤ ጉባኤው መጥቶ ሊጠይቃቸው ይችላል። ጆሯቸው ስለ ከበደ ጮክ ብሎ ይጠይቅ። «ልቦለድ» የሚለውን ቃል ግን ባያነሣባቸው ደስ ይለኛል፤ እስከ ዛሬ የምጽፈው ገድል ይመስላቸዋል።

ታሪኩን በአጭሩ ላኪልን ላሉኝ ደግሞ ይኸው። ጎበዜ የፎገራ ገበሬ ነው። ሩዝ ያበቅላል፣ አረቄ ይጠጣል፣ በወሰን ጉዳይ የገዛ ወንድሙን በየፍርድ ቤቱ ያንከራትታል። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ይሞላና ቤቱን ይወስድበታል። ወረታ ሲገባ ዘመዶቹ በር ይዘጉበታል፤ የዘጉበትም ስለሚያውቁት ነው። የከፈቱለት አሪፋ የምትባል ሙስሊም ባለሱቅና ባልዋ ናቸው፤ መጋዘናቸው ውስጥ ያስተኙታል። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው። ጎበዜ በገዛ ቤቱ ሳለ ጾሞ አያውቅም። አሪፋ ግን «ከቤቴ ያደረ እንግዳ ሃይማኖቱን አያፈርስም» ብላ ሥጋና ቅቤ ያልነካው አዲስ የሸክላ ድስት ትገዛለታለች፤ ሽሮውንም ምስሩንም በዚያ ለብቻ ትሠራለታለች። እንግዲህ ክርስቲያኑን ጾም ያስያዘችው ሙስሊሟ ናት። ውኃው ሲጎድል ሄዶ ከወንድሙ ይታረቃል። አለቀ። ሰባት ዓመት የፈጀብኝ ይኸው ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ግን አስቸገረኝ። «ልቦለዱን ክርስቲያናዊ የሚያሰኘው ምኑ ነው?» ብለዋል። መልሱን ፍለጋ በየመደብሩ ያሉትን መንፈሳዊ ልቦለዶች ተውሼ አነበብሁ። ሁሉም ላይ አንዲት ልጅ ከቤት ትወጣለች፤ ጭፈራ ቤት ትገባለች፤ እሱም እስከ በሩ ነው፣ ውስጡን ደራሲው አላየውም። ከዚያ በመኪና ትገለበጣለች፣ ሆስፒታል ትነቃለች፣ ጠበል ትገባለች፣ በተክሊል ታገባለች። በእግሩ የሚሄድ ኃጢአተኛ አንድም አላጋጠመኝ። አባቴ፣ መኪና የሌለው የፎገራ ሰው በምን ይዳን? ባጃጅ ይበቃል?

ቀልዱን ልተወው። ነገሩ በደራሲው ጥምቀት ከሆነ፣ የተጠመቀ አናጢ የሠራው በርጩማ ሁሉ ክርስቲያን ሊሆን ነው። በጸሎቱ ብዛት ከሆነ፣ ጎበዜን በየገጹ ላንበረክከው እችላለሁ፤ አይከለክለኝም። ለእኔ የሚመስለኝ፣ አንድ ሰው ከወደቀበት እንዲነሣ የሚጠራው ድምፅ ካለ፣ ያም ድምፅ ካልጠበቀው ቤት ከመጣ፣ ክርስቲያናዊ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። እርግጠኛ ግን አይደለሁም። እርግጠኛ ብሆን ኖሮ ስብከት እጽፍ ነበር።

መስቀልዎ ይባርከኝ፤
ትሩፋት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ትሩፋት፣
ወረታ

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ስለ በርጩማው የጻፉትን ለጉባኤው አላነበብሁም። ሰብሳቢያችን ድሮ አናጢ ነበሩ።

ልቦለድዎ ከዳር እስከ ዳር ተነብቧል። ሁለት አባላት በጎበዜ አልቅሰዋል፤ አንደኛው ጉንፋን ነው ብለዋል። የውሳኔው ቃል እንዲህ ይላል፦ ይታተም፤ ነገር ግን አሪፋ በመጨረሻው ምዕራፍ ትጠመቅ፤ ጎበዜ አረቄ የሚጠጣበትም ገጽ ከሩቅ ይታይ።

በጉባኤው ከመሳቅዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። አምና አንዲት እናት ስልክ ደወሉልን። ካሳተምናቸው በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ለልጅ የማይሆን ነገር አግኝተዋል። «የእናንተን ማኅተም አይቼ ነው ሳልገልጠው ለልጄ የሰጠሁት» አሉ። አልተቆጡም። አለቀሱ። ከዚያች ቀን ወዲህ ክርስቲያናዊ ልቦለድ ምን እንደ ሆነ ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህን ነው፦ እናት ሳትገልጠው ለልጅዋ የምትሰጠው መጽሐፍ ነው። ማኅተሙ ቃል ኪዳን ነው። ጠረጴዛ ከብበን የምንጨቃጨቀውም ለእሱ ነው።

አሁን አሪፋ ያን ሁሉ ደግነት ሠርታ በነበረችበት ሃይማኖት ከቀረች፣ የዚያች እናት ልጅ «ታዲያ ጥምቀት ምን ይጨምራል?» ብሎ ይጠይቃል። እናቱ ምን ትመልስለት? እርስዎስ ምን ይመልሱለታል?

ለትንሣኤ እንዲደርስልን የተሻሻለውን እስከ ወሩ መጨረሻ ይላኩ። ደግሞም በመታሰቢያው ገጽ ላይ ስምዋ የተጻፈው ቱርኪያ ማን እንደ ሆነች ቢገልጹልን፤ ጉባኤው ጠይቋል።

ቀሲስ አያልነህ


ወረታ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ለዚያ ልጅ የምመልሰው ባስብ ባስብ አጣሁ። መልስ ያጣ ሰው ይታዘዛል። አሪፋን አጠመቅኋት።

ጣራ ገዳም ወስጄ ነው። ለነሐሴ ብርድ የወንዛዬ ፍል ውኃ ይሻላት ነበር፤ ጉባኤው ግን ሞቅ ያለ ጥምቀት አይወድም ብዬ ፈራሁ። ስምዋን ወለተ ሥላሴ ብያታለሁ። ርግብ ላወርድላት አስቤ ተውሁት፤ ርግቧ ራስዋ የማን ወገን ናት የሚል እንዳይነሣ። የጎበዜን አረቄም አርቄዋለሁ። አሁን ከሁለት ማሳ ማዶ ነው የሚጠጣው፤ ወደ አንባቢው የሚመጣው ሽታው ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ስጽፈው እጄ አልፈጠነም። ግን ሰባት ዓመት ነው አባቴ። አስተምሮ፣ ፈተና አርሞ፣ ልጅ አሳድጎ፣ በተረፈው ሰዓት አንድ መጽሐፍ የጻፈ ሰው መጽሐፉን ታትሞ ማየት ቢመኝ ይፈረድበታል?

ቱርኪያ ጎረቤቴ ናት። ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ባልዋ አብዱልሃኪም ይባላል። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እኔ ሳስነጥስ እሷ ከወዲያ «ይማርሽ» ትላለች። አሪፋን የቀዳሁት ከእሷ ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ እንደ ጨረስሁ ሱቅዋ ሄጄ አነብላታለሁ። ገዢ ሲመጣ ንባቡ ይቋረጣል፤ ጨርቁ ተለክቶ እስኪቆረጥ ጎበዜ ጎርፍ ውስጥ ይቆያል። «ይህን ሙስሊም ሴት አትልም፤ አስተካክዪ» ትለኛለች። አስተካክላለሁ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን አላነበብሁላትም። «አሪፋ እንዴት ሆነች?» ስትለኝ «የሰርክ ሰርግ ይለፍ» እላታለሁ። ሰርክ ልጄ ናት፤ ጥር 18 ትዳራለች። ይህን ለምን እንደምነግርዎ አላውቅም። ቄስ ስለ ሆኑ ይሆናል።

ትሩፋት


ወረታ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። «ቱርኪያስ ምን አለች?» ብለው የጻፉት ወረቀት ከደረሰኝ ሰነባብቷል፤ የምመልሰውን አጥቼ ነው።

የሰፈራችንን ሥርዓት ልንገርዎ። ሰርግ ሲደገስ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው የሙስሊም ጎረቤት ድግስ ነው። በጉ በቁሙ ይሰጣቸዋል፤ በራሳቸው ሰው ያርዱታል፤ በራሳቸው ድስት ይሠሩታል፤ ዳሳቸው ከእኛ ዳስ ጎን ይጣላል። በኒካሕ ጊዜ እነሱም ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። ማንም ማንንም ከእኔ ካልበላህ ብሎ አያስጨንቅም። ለየብቻ በልተን አብረን እንጨፍራለን።

ለቱርኪያ የሰጠሁት በግ ባለፈው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። የጎተተችው ልጅዋ ሰብሪና ናት። «እማዬ እንዲህ በያት ብላኛለች» አለች አንገትዋን ደፍታ፦ «አሪፋ ከተጠመቀች ወዲያ ለብቻ በግ ማሰር ምን ያደርጋል? እንግዲህ ከእናንተው ገበታ ትብላ እንጂ።»

ወሬውን ያወጣችው ልጄ ሰርክ ናት። ጽሑፌን የምትተይብልኝ እሷ ናት፤ ለጓደኛዋ ለሰብሪና እየሳቀች ነገረቻት። ክፋት የለባትም። ክፋቱ ያለው ከተተየበው ላይ ነው።

ሱቅዋ ሄድሁ።

«ይግቡ፣ እትዬ ትሩፋት። ይቀመጡ» አለችኝ።

አባቴ፣ ሃያ ዓመት «አንቺ» ስትለኝ የኖረች ሴት! ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

«ይግቡ? ቱርኪያ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምን እሆናለሁ። ጨርቅ ፈልገው ነው?»

«አንቺ፣ ልቦለድ እኮ ነው!»

«አላጣሁትም፤ ውሸት ነው። ለውሸቱ ነው እንዴ ሰባት ዓመት እርስዎን ሳርም የኖርሁት?» አለችና ጥቅሉን መጠቅለል ጀመረች። «እሷ የእሱን ጾም ጠበቀችለት። ድስት ገዛች፣ ለብቻ ሠራች። እሱ ግን የእሷን ሊጠብቅላት አልቻለም። ከቤትዋ ሲወጣ ሃይማኖትዋን ይዞባት ሄደ። ምን ዓይነት እንግዳ ነው ይሄ?»

አፍሬ ሁለት ሜትር አቡጀዴ ገዛሁ። ዋጋ ስቀንስባት ዝም ብላ ተቀበለችኝ። ነገሩ የምር መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሰርክን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ቱርኪያ ናት። እሷ በሌለችበት ልጄን መዳር አልችልም። ስለዚህ የላክሁትን ምዕራፍ ይመልሱልኝ። ለዚያች እናት ልጅ የምለው አሁንም የለኝም።

ትሩፋት


አዲስ አበባ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይዘሮ ትሩፋት፣

ምዕራፉን ሾፌሩ መንግሥቴ ይዞልዎታል። ሰብሳቢያችን «ደራሲ ያጠመቀውን ይመልሳል እንዴ?» ብለው ተቆጥተዋል። መጻሕፍቱን አገላብጬ ስለ እንዲህ ያለ ነገር የተጻፈ አላገኘሁም። ያለዚያ ምዕራፍ ማኅተሙ አይሰጥም፤ ሌላ ነገር የሚልኩ ከሆነ ግን መዝገቡ አልተዘጋም።

በግሌ አንድ ነገር ልጨምር። የጎረቤትዎን ቃል፣ «ምን ዓይነት እንግዳ ነው ይሄ?» ያለችውን፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ሰማሁት። መልስ ካገኙ ለእኔም ይጻፉልኝ። ሰርጉን የሰመረ ያድርግልዎ።

ቀሲስ አያልነህ


ወረታ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

«ሰርጉ እንዴት ሆነ? መጣችስ?» ብለዋል። መጀመሪያ ከሰርጉ በፊት የሆነውን ይስሙኝ።

የመለሱልኝን ምዕራፍ ቀድጄ፣ የድሮውን መጨረሻ ይዤ ሱቅዋ ሄድሁ። ሳትጋብዘኝ ተቀምጬ፣ ቆማ ስትሰማ አነበብሁላት። አሪፋ አልተጠመቀችም፤ ጎበዜ አመስግኖ ወጣ፤ ከወንድሙ ታረቀ።

«አለቀ?»

«አለቀ። እንደ ሃይማኖትዋ ናት፤ አልነካኋትም።»

«እሱስ ገባኝ። ግን ይችን ሴት እኔ አላውቃትም።»

«አንቺ ነሽ እኮ!»

«እኔ?» ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ያ ሰካራም ጾሙን ሙሉ መጋዘኔ ተኝቶ፣ የጨርቅ ጥቅሌን ትራስ አድርጎ፣ እኔ አንድ ቀን አልሰደብሁትም? አብዱልሃኪምን ጠይቂው፤ ባሌ ሆኖ እንኳ ሳይሰደብ የዋለበት ቀን ካለ ይንገርሽ። ስሚ ትሩፋት፣ ፊት አጠመቅሻት፤ አሁን ደግሞ መልአክ አደረግሻት። ያው ነው። ለእናንተ እንድትመች አጥበሻታል። ጎበዜ ክፉ ሆነ፣ አለቀሰ፣ ተጣላ፣ ታረቀ። አሪፋ ምን አደረገች? ድስት አጠበች!»

«አንቺ» ስላለችኝ ከደስታዬ ብዛት ስድቡ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

«ታዲያ ምን ላድርጋት?»

«ኃጢአት ስጫት።»

«የምን ኃጢአት?»

«የራስዋን ነዋ! ለሰው ሁሉ ስታድዪ እሷን ዘለልሻት።» ትንሽ አሰበች። «አንድ ቀን ሰክሮ ይምጣና በሶላትዋ ይቀልድባት። ትናደድ። ብላ ብላ፣ ሽሮው ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ትጣልበት።»

«በፍልሰታ?»

«በፍልሰታ! ያውም የተነጠረ፣ ሽታው ከመንገድ የሚጣራ።»

«ቱርኪያ፣ አንቺ እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

«እኔ አላደርግም። ግን ተናድጄ አስቤ አላውቅም ካልሁሽ ውሸቴን ነው። በይ እንግዲህ፤ በጉን መልሰሽ ላኪ፣ አሪፋም ቅቤዋን ትጨምር። አንዱ ያለ አንዱ የለም።»

ነጋዴ አይደለች! ተስማማን።

ሰርጉ አማረ። ሰርክ ስትሸኝ ከእኔ ይልቅ ያለቀሰችው ቱርኪያ ናት። ሙሽራውንም ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው፤ ምን እንዳለችው አልተሰማም፤ ሲመለስ ግን ሰውየው አድጎ ነበር።

አዲሱ ምዕራፍ ይኸው። አሪፋ ቅቤውን ትጨምራለች። ወዲያው ትጸጸታለች፤ ገበታው ግን ቀርቧል። ጎበዜ እንጀራውን ቆርሶ ያጠቅሳል፤ ሽታው ይደርሰዋል፤ ያውቃል። ቀና ብሎ ፊትዋን ያያል። ከዚያ ምንም ሳይል ይበላል፤ አጥርቶ ይበላል። በማግስቱ ተነሥቶ ወደ ወንድሙ ይሄዳል። አስቀድሞ ለምን ወደ ወንድሙ እንደሚሄድ እኔ ራሴ በደንብ አላውቅም ነበር፤ «ውኃው ስለ ጎደለ» ብዬ አልፌው ነበር። አሁን የማውቅ ይመስለኛል።

ትሩፋት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወይዘሮ ትሩፋት፣

ለዐቢይ ጾም እንኳን አደረሰዎ።

ምዕራፉን ለጉባኤው እኔው ራሴ አነበብሁት። ጥምቀት የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ጠቡ ሁሉ በቅቤው ሆነ። አንዱ አባል «አውቆ ገድፏል፤ ጾም አፍራሽ ነው» አሉ። ሌላው «ፍቅር ከጾም ይበልጣል» ብለው ተነሡ። የግዕዝ መምህራችን ማንኪያው የሻይ ይሁን የወጥ እንዲጣራ ጠየቁ። ሰብሳቢው ደግሞ ማንንም ሳይመለከቱ «ፊትዋን ባያይ ኖሮ ይበላ ነበር?» አሉ። አባላቱ ስለ ልቦለድ ሰው እንደ ጎረቤታቸው ነገር ሲጣሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ። አሪፋ እንደ ሃይማኖትዋ ትኑር። ቅቤውም ይጨመር። ጎበዜ ግን ሲያውቅ ገበታውን ይግፋ፤ በለሰለሰ ቃል «ይቅር ብዬሻለሁ» ይበላትና ጦሙን ይደር። ይህ ከተደረገ መጽሐፉ ከነማኅተሙ ለትንሣኤ ይወጣል።

የሚለወጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያች እናት መጽሐፉን ለልጅዋ የምትሰጠው በጾም ወራት ሊሆን እንደሚችል ያስቡልኝ። እለምንዎታለሁ፤ ይህን መጽሐፍ ታትሞ ማየት እፈልጋለሁ።

ቀሲስ አያልነህ


ወረታ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ሞከርሁት። «ገበታውን ገፋ» ብዬ ጻፍሁ። ለቱርኪያ አነበብሁላት። ዘንድሮ ረመዷንና ሁዳዴ ተገናኝተው ሁለታችንም ጾመኞች ነን፤ ሱቁ ውስጥ ለአስታራቂ የሚሆን የጠገበ ሰው እንኳ የለም። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ትከሻዋን ሰበቀች። «እሱ የአንቺ ሰው ነው። እኔ የአሪፋን ነገርሁሽ፤ የእሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ።

ስለዚህ ይህ ከእሷ የመጣ አይደለም፤ የእኔው ነው። አልለውጠውም።

ጎበዜ ገበታውን ከገፋ ንጹሕ ይሆናል። «ይቅር ብዬሻለሁ» ሲላትም ከፎቅ ሆኖ ነው። እሷ ከነቅቤዋ ብቻዋን ታች ትቀራለች። ከበላው ግን ሁለቱም ያጠፉ ሰዎች ሆነው አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ወንድሙን የከሰሰው እኮ ገበታ መግፋት ስለሚያውቅበት ነው። አሁን ደግሞ በመንፈሳዊ ስም አስገፍቼው በምን አፌ ተለወጠ ልበል?

የእናቲቱን ነገር አቅልዬ አይደለም። ልጅዋ «ለምን በላ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ይጠይቃት። ያን ጊዜ ማኅተም አይመልስለትም። አብራው ተቀምጣ ትመልስለት። ምናልባት የእኔ ዓይነቱ ሳይገለጥ የሚሰጥ መጽሐፍ አይደለም፤ አብሮ ተነብቦ የሚጣሉበት ነው። ይህም ቢሆን ዓይነት ነው።

ረቂቄን ይላኩልኝ። የወር ደመወዜን እያጠራቀምሁ ባሕር ዳር አሳትመዋለሁ። ሽፋኑ ላይ «ልቦለድ» ብቻ ይባላል፤ ቅጽሉ ይቅርበት። ይህን ስጽፍ ቀልድ ፈልጌ አልመጣልኝም፤ እንዲያው እንደ ከፋኝ ይወቁልኝ።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ጸሐፊነትዎን ላንድ አፍታ ያስቀምጡትና ቄስነትዎን ይያዙልኝ። ጎበዜ እርስዎ ዘንድ መጥቶ «አባቴ፣ ቅቤ መሆኑን አውቄ በላሁ» ቢልዎ ምን ይሉታል?

ትሩፋት


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትሩፋት፣

ረቂቅሽን ልኬዋለሁ። ከላዩ ያለው ባለ ማኅተም ወረቀት «የክርስቲያናዊ ልቦለድን መስፈርት ስላላሟላ ተመልሷል» ይላል። የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ ነኝና። ውሳኔው አይለወጥም። ይኸኛው ወረቀት ግን የራሴ ነው።

ጥያቄሽን አልመልስም ብዬ ነበር። የሌለ ሰው ንስሐ አይገባም፤ እኔም የሌለን ሰው ልፈታ ሥልጣን የለኝም። ረቡዕ ዕለት ግን ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን፣ ያ ሰው ከነጭቃው መጥቶ ከፊቴ የቆመ መሰለኝ።

«ገድፈሃል» አልሁት።

«ገድፌያለሁ።»

«አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«ብትገፋው ምን ነበረበት?»

«አባቴ፣ ፊትዋን አላዩትም» አለኝ።

በጣም አሰብሁ። ግድፈት ግድፈት ነው፤ ዝም ብዬ ባሰናብተው እሱ ራሱ ቅር ይለዋል፤ እንደ ሕፃን ቆጠሩኝ ይላል። አርባ ስግደት ሰጠሁት። ደስ ብሎት የተቀበለኝ መሰለኝ። የቸገረኝ ከዚያ ወዲያ ነው። ሰውየው ወረቀት ነው፤ ማን ይስገደው? ቀኖና ደግሞ አንዴ ከተሰጠ በአየር ላይ አይቀርም።

መጎናጸፊያዬን አጥፌ አስቀመጥሁና ራሴ ጀመርሁለት። ጉልበቴ እንደሆነ የሽማግሌ ጉልበት ነው። እያረፍሁ እየተነሣሁ ከእኩሌታው እንዳለፍሁ ሰብሳቢያችን የረሱትን መቋሚያ ሊወስዱ ተመልሰው ገቡ። በዐቢይ ጾም ቄስ ቢሰግድ አይገርምም፤ እሳቸው ግን ላብ አጥምቆኝ አዩና ደነገጡ።

«አባ፣ ምን አጥፍተው ነው እንዲህ?»

«ቅቤ ነው» አልኋቸው።

ቆመው አዩኝ። ማንኪያው የሻይ ይሁን የወጥ አልጠየቁኝም። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ከጎኔ ወረዱና የቀረውን አብረውኝ ሰገዱለት።

አባትሽ አያልነህ